ዋሻን ስለ መጐብኘት፤ ይልቁንም በመንዝ ስላለው ስለ አመፀኛ ዋሻ

ዋሻ ለሀገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። እረኛ ዝናም ሲመጣበት ከብቱን ነድቶ የሚጠለለው ከዋሻ ነው፤ መናኝ ዓለምን ንቆ ሲወጣ የሚመርጠው ቤት ዋሻ ነው፤ በግራኝ ወረራ ዘመንም ካህናቱ ታቦቱንና መጻሕፍቱን ይዘው ከተሸሸጉባቸው ሥፍራዎች አንዱ ዋሻ ነበረ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በደብረ አስቦ፥ ኋላ ደብረ ሊባኖስ በተባለው ገዳም፥ በዋሻ ውስጥ ቆመው መጸለያቸውን የማያውቅ ክርስቲያን በሸዋ አይገኝም፤ እስከ ዛሬም ምእመናን ከዚያ ዋሻ ጠበሉን ቀድተው ወደየቤታቸው ይወስዳሉ። ስለዚህ እኛ ዋሻ ስንል አስቀድሞ ትዝ የሚለን መጠጊያ ነው፤ ትርኢት አይደለም።

ገንዘብ ከፍሎ፥ ቲኬት ቈርጦ፥ በመሪ እየተመሩ ዋሻን እየተዘዋወሩ ማየት ግን ከሌላ አገር የመጣ ልማድ ነው። ዛሬ ስሎቬንያ በምትባለው አገር ፖስቶይና የሚባል ታላቅ ዋሻ አለ። የዚህ ዋሻ የውስጠኛው ክፍል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1818 ዓ.ም. ተገኘ፤ በማግሥቱ ዓመት ለጐብኚ ተከፈተ፤ በ1872 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ተዘረጋበት፤ በ1884 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሪክ መብራት ገባለት። በሀገራችንም በባሌ ምድር ያለው የሶፍ ዑመር ዋሻ በዚህ ረገድ በዓለም የታወቀ ነው። የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን በብዙ ዘመን እየሰረሰረ ያወጣው ሲሆን ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስሙም በዚያ ይጸልዩ ከነበሩ ሼህ የተገኘ ስለ ሆነ ለእስልምና ተከታዮች ወገኖቻችን የተከበረ ሥፍራ ነው። ወደዚያ የሚገባ ጐብኚ መብራት የሚይዝለትና የወንዙን መሻገሪያ የሚያውቅለት የአገሩን ሰው ይከተላል።

ጕብኝት ግን ዋሻን ሊጐዳው ይችላል። በፈረንሳይ አገር ላስኮ የሚባለው ዋሻ፥ የጥንት ሰዎች በግድግዳው ላይ የእንስሳት ሥዕል የሣሉበት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1940 ዓ.ም. ተገኝቶ በ1948 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፈተ። አሥራ አምስት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ የጐብኚው ትንፋሽ፥ የሰውነቱ ሙቀትና የመብራቱ ብርሃን በሥዕሉ ላይ አረንጓዴ አልጌ አበቀለበት፤ በ1963 ዓ.ም. ዋሻው ለሕዝብ ተዘጋ። ብዙ ሺሕ ዓመት በጨለማ ተጠብቆ የኖረውን ነገር ለማየት የመጣ ሰው፥ አንዳች በእጁ ሳይነካ በእስትንፋሱ ብቻ ሊያጠፋው ተቃርቦ ነበር። ይህን የምናነሣው ስለ ሥዕል ለመናገር አይደለም። ወደ ሰሜን ሸዋ ልንወስዳችሁ ነውና፥ በዚያ ያለው ዋሻ ከሥዕል የሚበልጥ አደራ የተቀመጠበት ስለ ሆነ ነው።

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ደብረ ብርሃን ይደረሳል። ከተማዪቱን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከሰማይ የወረደ ብርሃን ታይቶ መሠረቷት፤ ስሟም ከዚያ መጣ። ብርዷ ያልለመደውን ሰው ይቈነጥጣል። ወደ ምሥራቅ የዞረ ወደ አንኮበር፥ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴና ወደ ምኒልክ የቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ይወርዳል፤ ወደ ሰሜን የቀጠለ ደግሞ የጣርማ በርን ዋሻ መንገድ ያገኛል። ይህ ዋሻ ተፈጥሮ የሠራው አይደለም፤ ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍለው ያወጡት ነው። ብዙ መንገደኛ በዚያ ሲያልፍ የመኪናውን መብራት አብርቶ ስለ ሥራው ጥንካሬ ያደንቃል። እኛም ማድነቁን አንከለክልም፤ ነገር ግን ጣርማ በርን የፈለፈለው መንግሥት በዚያው ዘመን፥ በዚያው አውራጃ፥ በሌላ ዋሻ ላይ ያደረገውን አብሮ ያስታወሰ መንገደኛ ጥቂት ነው።

ከዚህ አስቀድሞ ግን በደብረ ብርሃን አጠገብ ስላለው ስለ እንግጫ አንድ ቃል እንበል። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት ከተረሸኑ በኋላ፥ ከሞት ተርፈው የነበሩት ዲያቆናትና የቤተ ክርስቲያን ተማሪዎች ወደ ደብረ ብርሃን ተወስደው በእንግጫ ተገደሉ። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮማ ያስተላለፈው ቍጥር የዲያቆናቱን 129 ያደርሰዋል። ወደ ሰሜን የሚጓዙ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው በዚያ ሲያልፉ፥ በዕድሜ ከልጆቻቸው እምብዛም የማይበልጡ ተማሪዎች እንደ ወደቁበት ቢነግሯቸው መልካም ነው።

የመንዝ ምድር ዐለት ከባሌው ይለያል። በባሌ ዋሻውን ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አሟሙቶ አበጀው፤ የመንዝና የጅሩ ከፍታ ግን ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት እየፈላ በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተነባበረ ነው። ከጠንካራው ጥቍር ድንጋይ ሥር ልል የሆነ የዐመድ ድንጋይ ይገኛል፤ ውሃና ነፋስ ልሉን እየበሉ ሲወስዱት ጠንካራው እንደ ጣራ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ የዚያ አገር ዋሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በገደል ወገብ ላይ ነው፤ ከላይ ሜዳ፥ ከታች ሸለቆ፥ በመካከሉ የዋሻው አፍ። እንዲህ ያለው ሥፍራ ለመሸሸግ ይመቻል፤ በላይ የቆመ ሰው ከእግሩ በታች ዋሻ መኖሩን እንኳ አያውቅም። ነገር ግን አንድ ጊዜ ከታወቀ መውጫው አንድ ብቻ ነው።

አመፀኛ ዋሻ የሚባለው በመንዝ ቀያ፥ ዘረት በተባለው አገር ይገኛል። ስሙ ራሱ ታሪክ ነው፤ በጠላት አፍ አመፀኛ ማለት ለመንግሥቱ ያልገበረ ማለት ነበርና፥ አርበኛውን ሽፍታ ብሎ እንደ ሰደበው ሁሉ።

በ1931 ዓ.ም. በሸዋ የአርበኞች አለቃ የነበሩት፥ ኋላ ራስ የተባሉት አበበ አረጋይ ነበሩ። ከእርሳቸው ጋር ይተባበሩ ከነበሩት አንዱ ተሾመ ሽንቁጥ ብዙ ሰው አስከትለው ሲሸሹ ወደዚህ ዋሻ ገቡ። ከዚህ ላይ አንባቢው ልብ እንዲል የምንፈልገው ነገር አለ። ወደ ዋሻው የገባው ጠመንጃ የያዘ ጦር ብቻ አልነበረም፤ የአርበኞቹ ሚስቶች፥ ልጆች፥ ሽማግሌዎችና ቍስለኞች አብረው ነበሩ። ያን ጊዜ ጠላት አርበኛ አብልቷል፥ አሳድሯል ያለውን መንደር ያቃጥል ስለ ነበር ቤተሰብን ከኋላ ትቶ መዝመት አይቻልም ነበር፤ ጦሩ ቤቱን ይዞ ይዞር ነበር እንጂ።

ጠላት ዋሻውን ከበበው፤ በመትረየስና በመድፍ ግን ሊያስለቅቀው አልቻለም። ስለዚህ የመርዝ ጢስ የሚይዙ ወታደሮቹን አስመጣ። ኢፕሪት የሚባለው፥ በሌላ ስሙ የሰናፍጭ ጋዝ፥ መጀመሪያ በጦርነት የተሠራበት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1917 ዓ.ም. በቤልጅግ አገር በኢፕር ከተማ አጠገብ ነው። ይህ መርዝ በተለመደው ሙቀት ፈሳሽ ሲሆን ቀስ እያለ ይተንናል፤ ትነቱም ከአየር አምስት እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ወደ ጕድጓድና ወደ ዋሻ ወርዶ ይተኛል። ቆዳን ያቈስላል፥ ዓይንን ያሳውራል፥ ወደ ውስጥ የሳበውን ሰው ሳንባ ያቃጥላል። የሚከፋው ደግሞ ሥቃዩ ወዲያው አለመታወቁ ነው፤ ሰው ከተመረዘ በኋላ ጥቂት ሰዓት ምንም እንዳልሆነ ይቈያል። በዋሻ ለተጠጋ ሕዝብ ከዚህ የከፋ መሣሪያ አይገኝም። ወታደሮቹ መርዙን በገመድ አንጠልጥለው ከላይ ወደ ዋሻው አፍ አወረዱት፥ በዚያም አፈነዱት፤ በመድፍም ሌላ የመርዝ ጥይት ተኰሱ። ከመርዘኞቹ ወታደሮች አንዱ የነበረ ኢጣልያዊ የሃምሳ አለቃ ያየውንና የሠራውን በማስታወሻ ጽፎ ትቶታል፤ መጽሐፉም ታትሟል።

ኢጣልያ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1917 ዓ.ም. የጄኔቭ ውል ፈርማ በ1920 ዓ.ም. አጽድቃ ነበር። በኢትዮጵያ ጋዝ ማፍሰሷን ግን መንግሥቷ በግልጥ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው።

ይህ ሁሉ የሆነው ከሚያዝያ 1 ቀን እስከ ሚያዝያ 3 ቀን 1931 ዓ.ም. ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ አንባቢዎቻችን ቀኑን ሲያዩ ሳይደነግጡ አይቀሩም። ለማያውቁት እንቈጥረዋለን። ዘመኑ 7431 ዓመተ ዓለም ነው፤ በ19 ሲገደፍ ትርፉ 2፥ አንዱ ለዘመን ሲተው ወንበሩ 1 ይሆናል፤ አበቅቴው 11፥ መጥቅዑ 19። መጥቅዑ በመስከረም 19 ሐሙስ ዋለ፤ የሐሙስ ተውሳክ 3 ነውና መባጃ ሐመሩ 22 ሆነ። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 22 ገባ፤ ከዚያ 69 ቀን ሲቈጠር ትንሣኤ ሚያዝያ 1 ቀን እሑድ ይውላል። በዚያ ዓመት የምዕራባውያን ፋሲካም ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ውሎ ነበር። በገደሉ ላይ የቆመው የኢጣልያ ወታደርም፥ ከገደሉ በታች በጨለማ የተቀመጠው የመንዝ ሕዝብም፥ በዚያን ቀን ክርስቶስ ተነሣ የሚባልበትን በዓል የሚያከብሩ ነበሩ።

ተሾመ ሽንቁጥ ከጥቂት ሰዎች ጋር በሌሊት ከበባውን ሰብረው አመለጡ። የቀረው ሕዝብ ግን መርዙ ሲጸናበት እጁን ሰጥቶ ወጣ። ወንዶቹን ለይተው በገደሉ አጠገብ በመትረየስ ፈጇቸው፤ የጠላት ጦር ራሱ ያስተላለፈው መልእክት የተረሸኑትን 800 ያደርሳቸዋል። ከውስጥ በመርዝ ያለቁት ሲጨመሩ የሟቹ ቍጥር ከ1,000 እስከ 1,500 እንደሚደርስ ይገመታል። ከዚያ በኋላ ዋሻው ዝም አለ። ነፃነት በ1933 ዓ.ም. ተመለሰ፤ አገሬው ግን ነገሩን ለልጆቹ እየነገረ ዋሻውን ሸሽቶት ኖረ።

የውጭው ዓለም የሰማው በ1998 ዓ.ም. ነው። ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የሚባል ኢጣልያዊ የታሪክ ተመራማሪ በሮማ በጦሩ መዝገብ ቤት የዘረትን ነገር አግኝቶ፥ ከኢትዮጵያዊው የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ከዮናታን ሣህሌ ጋር ወደ ሥፍራው ሄደ። ቀጥሎም ዮናታን ሣህሌና እስጳንያዊው አልፍሬዶ ጐንዛሌዝ ሩይባል ከሌሎች ጋር ሆነው ዋሻውን መርምረው ጥናታቸውን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. አሳተሙ። ያገኙት የንጉሥ ሀብት ወይም የጥንት ጽሕፈት አይደለም። የእህል ጐተራ፥ ወፍጮ፥ ገንቦና ድስት፥ የእሳት ምድጃ፥ የስፌት ዕቃ፥ የልብስ ቅዳጅ፥ የጥይት ቀለህ፥ በመካከሉም የሰው ዐፅም።

እኛ ይህን ዝርዝር ስናነብ ከዐፅሙ ይልቅ ወፍጮው ልባችንን ያዘው። ወፍጮ ከባድ ነገር ነው፤ ለአንድ ቀን ሽሽት ማንም አይሸከመውም። እነዚያ ሴቶች ወደ ዋሻው የገቡት ለመሞት ሳይሆን ለመኖር ነበር፤ ፈጭተው፥ ጋግረው፥ ልጅ አሳድገው ክረምቱን ለማሳለፍ። ጐተራ ያቆመ ሰው መከርን ያስባል። በድንጋዩ ላይ የእጃቸው ማሻሸት የቀረ ሴቶች የማንኛችንም አያቶች ሊሆኑ ይችላሉ።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጕዳይ እንመለስ። እንዲህ ያለው ዋሻ እንደ ፖስቶይና ይጐበኝ ዘንድ ይገባዋልን? አንዳንዶች ይዘጋ፥ አይነካ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ መንገድ ይውጣለት፥ መብራት ይግባለት፥ ለአገሬው ገቢ ይሆናል ይላሉ። ሁለቱም ምክንያት አላቸው። ገቢውን የምንንቅ አይደለንም፤ የመንዝ ገበሬ ከበጉና ከገብሱ ሌላ ጥቂት ሳንቲም ቢያገኝ ደስ ይለናል። ነገር ግን ቅደም ተከተል አለ ብለን እናምናለን።

በአንድ ወቅት ወደ አንድ የዋሻ ቤተ መቅደስ፥ ስሙን አንጠራም፥ ሄደን ነበር። እንደ ይምርሐነ ክርስቶስ ሁሉ ከመቅደሱ በስተኋላ የጥንት ምእመናን ዐፅም የተከማቸበት ነው። የሚመራን ጐልማሳ ጨዋ ሰው ነበር፤ ታሪኩንም አጥንቷል። ይሁን እንጂ ከዐፅሙ ዘንድ በደረስን ጊዜ አንዱን የራስ ቅል አንሥቶ ፎቶግራፍ ለሚያነሣው እንግዳ አዙሮ አሳየ። ከእኛ ጋር የነበሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፥ «ልጄ፥ አስተኛው፤ ደክሞት ነው» አሉት። ጐልማሳው አፍሮ በቦታው መለሰው። እኚያ እናት በአንድ ቃል የተናገሩትን እኛ በብዙ ገጽ ለመናገር እንደክማለን።

ኢጣልያኖች ራሳቸው ይህን ለሙታኖቻቸው ሲያደርጉት በሚገባ ያውቁበታል። በመጋቢት 1936 ዓ.ም. የጀርመን ጦር በሮማ አጠገብ፥ አርዴያቲኔ በሚባለው የተቈፈረ ዋሻ፥ 335 ሰዎች ረሽኖ ዋሻውን በድማሚት ዘጋባቸው። ከተማዪቱ ነፃ እንደ ወጣች አንድ ሐኪም ከረዳቶቹ ጋር ሆኖ ሬሳውን አንድ በአንድ አውጥቶ፥ በቀለበት፥ በልብስ ቅዳጅ፥ በኪስ ወረቀት እየለየ ለየቤተሰቡ ስሙን መለሰለት። በ1941 ዓ.ም. መታሰቢያው ተመረቀ። ዛሬ ወደዚያ የሚሄድ ጐብኚ በዋሻው ውስጥ ተመርቶ ያልፍና መጨረሻ ከአንድ ታላቅ የድንጋይ ክዳን በታች በተርታ ከተሠሩ 335 መቃብሮች ዘንድ ይደርሳል። ማንም በዚያ አይስቅም፥ ድምፁንም ከፍ አያደርግም። በሁለቱ ዋሻዎች መካከል ያለው የዘመን ልዩነት አምስት ዓመት ብቻ ነው።

ስም ካልን ዘንድ፥ የእኛን ቤት የሚመለከተው ጕዳይ ከዚህ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ለሞተ ሰው ስትጸልይ በክርስትና ስሙ ትጠራዋለች። ወለተ ማርያም፥ ገብረ ሥላሴ፥ ኀይለ ሚካኤል እየተባለ ካልተነገረ ካህኑ በፍትሐቱም በተዝካሩም ስሙን አንሥቶ ሊያስበው አይችልም። የዘረት ሙታን መታሰቢያ ገና ከድንጋይ በፊት የሚያስፈልገው ይህ ነው። መንግሥት ሐውልት ሊያቆም ይችላል፤ ሊቃውንት ዐፅም ሊቈጥሩ ይችላሉ፤ የክርስትና ስም ግን የሚገኘው ከቤተሰብ ዘንድ ብቻ ነው። ዘራችሁ ከመንዝ፥ ከመርሐ ቤቴ፥ ከጅሩ፥ ከተጕለት የሆነ አንባቢዎቻችን፥ በቤታችሁ ያሉትን አዛውንት ዛሬ ጠይቁ። «በጣልያን ጊዜ ከዋሻ ቀረ» የተባለ አያት፥ አክስት፥ የአጎት ልጅ ካለ ስሙን፥ የአባቱን ስም፥ የክርስትና ስሙን፥ የተነሣበትን ቀዬ በወረቀት ጽፋችሁ አንዱን በቤት፥ አንዱን ለአጥቢያችሁ አለቃ ስጡ። ያን ጊዜ ሕፃን የነበሩት ዛሬ በጣም አርጅተዋል፤ ብዙዎቹም ዐርፈዋል።

ወደ ሥፍራው ለመሄድ የሚያስቡ ቤተሰቦች ደግሞ አስቀድመው የአገሩን ሽማግሌዎች ይጠይቁ፤ መሪ የሚሆናቸውም ከዚያው ቀዬ የተወለደ ይሁን። ይህን የምንለው መንገዱን ስለሚያውቅ ብቻ አይደለም፤ የሚናገረው ስለ ዘመዶቹ ነውና አሳምሮና አጋንኖ አይናገርም። በገደል ወገብ የሚኬድ ስለ ሆነ በክረምት አይሞከር። ሕፃናትንና ጕልበት የከዳቸውን ከላይ ማስቀረት ይሻላል። መብራቱ የእጅ ባትሪ ይሁን እንጂ ጧፍና ችቦ አይሁን፤ ጢሱ ግድግዳውን ያጠቍራል፥ የዋሻውንም አየር ያውካል። ከአፉ ላይ ጥቂት ቆሞ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ መታገሥ ያስፈልጋል። ከመሬት የወደቀ ነገር፥ የገል ስባሪም ቢሆን፥ አይነሣ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ይከለክለዋል፥ ከአዋጁም በፊት ይሉኝታ ይከለክለዋል። ጧፍ ማብራት የሚወድ ሰው በአቅራቢያው ባለው ቤተ ክርስቲያን ያብራ።

ቀኑን መምረጥ ለሚሹ፥ ሚያዝያ 1 ቀን ከዓቢይ ጾም ወይም ከፋሲካ ጋር ይጋጠማልና ዓመቱን አይቶ መቍጠር ያሻል። ትንሣኤ ከ1931 ዓ.ም. ወዲህ በሚያዝያ 1 ቀን የዋለው በ1942፥ በ1953 እና በ1964 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በኋላ ገና አልዋለም። ዳግመኛ የሚውለው በ2026 ዓ.ም. ነው።